ያየ ጎረቤት ለምን ዝም ይላል? ትንሿ መንደርና የኖርዲክ የወንጀል ልቦለድ

ካትሪን ያኮብስዶቲር የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለች፣ በ2022፣ የወንጀል ልቦለድ አሳተመች። አብሯት የጻፈው ራግናር ዮናሶን ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከሀገሪቱ ስመ ጥር ደራሲያን አንዱ። ታሪኩ በ1956 ከዋና ከተማዋ ከሬይኪያቪክ አጠገብ ካለች ደሴት ደብዛዋ ስለጠፋ ልጅ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ነገሩን መጎርጎር ይጀምራል። ካትሪን ለዘርፉ እንግዳ አይደለችም። የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው በሌላው የአገሯ ደራሲ በአርናልዱር ኢንድሪዳሶን የወንጀል ልቦለዶች ላይ ነው።

(እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ «ካትሪን» ብዬ በስሟ ብቻ ስጠራት ድፍረት እንዳይመስላችሁ። የአይስላንድ ሰው በዚህ ነገር እንደኛው ነው። የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ተከታዩ አብዛኛውን ጊዜ የአባት ስም ነው። ጠቅላይ ሚኒስትርም ቢሆን።)

የአይስላንድ ሕዝብ 400,000 አይሞላም። በአብዛኞቹ ዓመታት አገር ምድሩ ላይ የሚገደለው ሰው በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል። ፖሊሶቿ በአዘቦት ቀን ሽጉጥ አይታጠቁም። በ2013 ፖሊስ አንድ ሰው ተኩሶ ሲገድል በሪፐብሊኳ ታሪክ የመጀመሪያው ነበርና ፖሊስ ራሱ ወጥቶ ሐዘኑን ገለጸ። እንዲህ ያለ አገር የመጽሐፍ መደርደሪያው በሬሳ የተሞላው ለምንድነው?

«ብርዱና ጨለማው ነው» የሚል መልስ መቼም አይጠፋም። ብርድማ ሌላም አገር አለ። ጨለማም ለመጽሐፍ ሽፋን ይመቻል እንጂ ልቦለድ አይጽፍም። እኔን የሚያሳምነኝ የቦታው ጥበት ነው። ከኖርዲክ፣ ማለትም ከአይስላንድ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይና ከጎረቤቶቻቸው፣ ልቦለዶች ምርጥ ምርጦቹን ስታነቡ ገዳዩን ማወቁ ሁለተኛ ነገር ይሆንባችኋል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ይህን ያህል ሰው ግማሽ ግማሹን እያወቀ እንዴት ዝም አለ? አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚጎትተው ይሄ ጥያቄ ነው።

ዘርፉ የጀመረው ግን በመንደር አይደለም። ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የሚባሉ ስዊድናውያን ጥንዶች ከ1965 እስከ 1975 አሥር ልቦለድ ጻፉ። መርማሪያቸው ማርቲን ቤክ መሥሪያ ቤቱ ስቶክሆልም ነው። ሁለቱም ግራ ዘመም ነበሩና በወንጀለኛው አሳብበው የሚመረምሩት አገሩን ነው፤ ያን ሁሉ ዓለም የሚቀናበትን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት። ከዚያ በ1986 ጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ያለ ጠባቂ ከሲኒማ ሲመለሱ ስቶክሆልም መሀል ጎዳና ላይ በጥይት ተገደሉ። መዝገቡ የተዘጋው በ2020 ነው። ዐቃቤ ሕጉ ስሙን የጠራው ተጠርጣሪ ያኔ ከሞተ ቆይቷል፤ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው የለም።

ገጠሩ የመጣው ከስዊድናዊው ደራሲ ከሄኒንግ ማንኬል ጋር ነው። ማንኬል ዓመቱን በስዊድንና በሞዛምቢክ ከፍሎ የሚኖር፣ ማፑቶ ውስጥ ቴአትር የሚመራ ሰው ነበር። በ1991 ቫላንደር የተባለውን መርማሪ ፖሊስ የመጀመሪያ ልቦለድ ሲያወጣ ታሪኩን ያስቀመጠው በደቡብ ስዊድን፣ ኢስታድ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ዙሪያ ነው። በአንዲት የእርሻ መንደር ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት በሌሊት ይጠቃሉ። ባል ይሞታል። ሚስት ከመሞቷ በፊት የምትተነፍሳት ቃል ገዳዮቹን ከውጭ አገር ሰው ጋር የምታያይዝ ናት። ወሬው ይሾልካል። ከዚያ ቁጣው ስደተኞች ላይ ይዞራል፤ አንድ ሶማሊያዊ ስደተኛ ይገደላል።

በዚህ መሀል ቫላንደር ሟቹን ማጥናት ይጀምራል። አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶቹ ስለ ሽማግሌው የሚያውቁት ደሀ ባይሆንም ተራ ገበሬ መሆኑን ነው። ሰውየው ግን የተደበቀ ገንዘብ፣ የተደበቀች ሴትና የተደበቀ ልጅ አለው። አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፤ አንባቢ የማይረሳት። ያን ሁሉ ጭካኔ ከፈጸሙ በኋላ በረት ያለው ፈረስ ድርቆሽ ተሰጥቶታል። (ማንኬል የዋህ አይደለም። ገዳዮቹ በመጨረሻ እውነትም የውጭ ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። ያላነበባችሁ ይቅርታ።)

ከማንኬል በኋላ ቦታው እየጠበበ ሄደ። ካሚላ ሌክበርግ 1,000 ነዋሪ የማይሞላትን ፊየልባካ የተባለች የባሕር ዳር መንደር ያዘች። ኦሳ ላርሾን ሰሜን ጫፍ ያለችውን የማዕድን ከተማ ኪሩናን። ዮሃን ቴዎሪን የኦላንድን ደሴት። ስቲግ ላርሾን እንኳ፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተርና ሴራ ያለበት ልቦለዱ፣ መነሻው አንድ ቤተሰብ የሚኖርባት ደሴት ናት፤ ድልድዩ በአደጋ በተዘጋበት ቀን አንዲት ልጅ ትጠፋለች። ስለ እሱ ከተነሳ ዘንድ፣ በ1977 ኤርትራ ገብቶ የሻዕቢያን ሴት ታጋዮች የቦምብ ማስወንጨፊያ አጠቃቀም ማሰልጠኑ በሕይወት ታሪኩ ይጠቀሳል። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ራግናር ልመለስ። የጥበቱን ነገር ከእሱ በላይ አጥብቦ ያሳየ የለም። ሲግሉፍዮርዱር የአይስላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች 1,200 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሦስት ጎኗ ተራራ ነው፣ አንዱ ባሕር። በአንድ ዘመን የአገሪቱ የሄሪንግ ዓሣ መናኸሪያ ነበረች፤ ሴቶች ወደብ ላይ ተሰልፈው ዓሣ በጨው በርሜል ሲያሽጉ ይውላሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓሣው ጠፋ። ሰዉም አብሮ ተመናመነ። ተራራውን የሚበሳው የመጀመሪያ ዋሻ የተከፈተው በ1967 ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ተደብቃ ከተማዋን አታያትም። ስትመለስ ሰዉ ፓንኬክ ጋግሮ ይቀበላታል።

ራግናር በ2010 ባሳተመው ልቦለድ እዚህ ቦታ አንድ ወጣት ፖሊስ ይልካል። አሪ ቶር ይባላል። የሬይኪያቪክ ልጅ ነው። ሥነ መለኮት ጀምሮ አቋርጧል፤ ይህን የሰማ የከተማው ሰው «ቄሱ» እያለ ይጫወትበታል። ጊዜው ባንኮቹ የወደቁበት 2008 ነው፤ ሥራ በተገኘበት ይኬዳል። አለቃው እዚህ ምንም ነገር አይፈጠርም ብሎ ይቀበለዋል። በር የሚቆልፍ የለም። ከዚያ አንድ ስመ ጥር አዛውንት ደራሲ ከቴአትር ቤቱ ደረጃ ወድቀው ሞተው ይገኛሉ። አንዲት ሴት በረዶ ላይ እርቃኗን ለመሆን ትንሽ በቀራት ሁኔታ ደሟ እየፈሰሰ ትገኛለች። የበረዶ ናዳ ብቸኛውን መንገድ ይዘጋዋል።

እስቲ የአሪ ቶርን ሥራ አስቡት። ትልቅ ከተማ ላይ መርማሪ የሚፈልገው በሟችና በገዳይ መካከል ያለውን ክር ነው። እዚህ ክሩ ከሁሉም ቤት ወደ ሁሉም ቤት ተዘርግቷል። ሟቹን የማያውቅ የለም። ያላስቀየመው የለም። የጣት አሻራ ቢገኝስ ምን ይጠቅማል? ሁሉም እዚያ ቴአትር ቤት ሲገባ ሲወጣ ኖሯል። «የት ነበርክ?» ሲባል «ቤቴ» የሚል መልስ ይበቃል፤ ማን መብራት አጥፍቶ እንደተኛ ግን ከመንገድ ማዶ ያሉት ያውቃሉ። ምርመራው ሐሜት ወደ ማጣራት ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አለቃው ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። ግን የደረጃው ነገር አደጋ ቢሆን ይመርጣል። ግድያ ከሆነ ነገ ሱቅ ሲሄድ፣ ክርስትና ሲጠራ፣ ቀብር ሲቆም የሚያገኛቸውን ሰዎች መጠርጠር ሊኖርበት ነው። አሪ ቶር ይህ ጣጣ የለበትም። መጤ ነው። ለዚህም ነው ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው፤ ለዚህም ነው ማንም የማይመልስለት።

ይህ የመጤነት ነገር በኖርዌጂያኗ ካሪን ፎሱም እጅ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። ፎሱም ወደ ልቦለድ የመጣችው ከግጥም ነው። እንቆቅልሽ መገጣጠም ብዙም አያስጨንቃትም። በ2000 ያወጣችው፣ በእንግሊዝኛ «የህንዷ ሙሽራ» በሚል ርዕስ የተተረጎመው ልቦለድ ለኔ የዘርፉ ጫፍ ነው።

ጉንደር ዮማን ዕድሜው የገፋ፣ ዝምተኛ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ነው። የሚኖረው ኤልቬስታድ በምትባል የልቦለድ መንደር ነው። አንድ ቀን ተነስቶ ህንድ ይሄዳል። ፑና የምትባል ሴት ያገኛል፤ ያገባታል። እሱ ቀድሞ ይመለሳል፣ እሷ ትከተላለች። በምትደርስበት ቀን እህቱ የመኪና አደጋ ይደርስባትና ራሷን ስታ ሆስፒታል ትገባለች። ጉንደር ከእህቱ አጠገብ መነሳት ስላልቻለ ባለታክሲ ወደ አየር ማረፊያ ይልካል። ይተላለፋሉ። ፑና ራሷ ሌላ ታክሲ ይዛ ወደ መንደሩ ትመጣለች። ቤቱ ሳትደርስ ሜዳ ላይ ተደብድባ ትገደላለች።

መንደሩ ውስጥ ስለ ጉንደር የማይወራ ነገር አልነበረም። ህንድ መሄዱን ሰምተዋል፣ ሚስት ማምጣቱን ሰምተዋል፣ ስቀዋል። ሬሳው ሲገኝ ግን ሰዉ የሚያዝነው በጣም በሚገርም መንገድ ነው። ለፑና ያዝናሉ፤ የበለጠ ግን ለመንደሩ ስም ያዝናሉ። ከመካከላቸው አንዱ ይሆናል ብሎ ማሰብ አይሆንላቸውም። በዚህ መሀል አንዲት ልጅ በዚያ ሰዓት በሜዳው አጠገብ በብስክሌት ስታልፍ ሰዎችና መኪና አይታለች። ለፖሊስ ትናገራለች። ያየችው መኪና የሚያውቁት ልጅ መኪና ይመስላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይሰድባትም፣ ማንም አይመታትም። ብቻ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ይርቋታል።

እዚህ ላይ ነው ፎሱም ከሌሎቹ የምትለየው። ልጅቷንም ፍጹም አታደርጋትም። መታየት የምትወድ፣ ለአንዱ ፖሊስ ልቧ የደነገጠ ልጅ ናት። የነገረችው ሁሉ ያየችው ነው ወይስ የጨመረችበት አለ? መርማሪው ሴየር ተጠርጣሪውን በትዕግሥት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ቀን ከቀን እያናገረ ወደ እምነት ቃሉ ይወስደዋል። ወጣቱ ያምናል። አንባቢው ግን መጽሐፉን ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለም። መንደሩ አጥፊ አግኝቷል፣ ፖሊስ ቃል አግኝቷል፣ ጉንደር ሚስቱን ቀብሯል።

ልቦለድ ነው ብለን እንዳናልፈው አይስላንድ ላይ የደረሰ እውነተኛ ነገር አለ። በ1974 ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ጠፉ፤ አንዱ የ18 ዓመት ወጣት፣ አንዱ የ32 ዓመት ሰው። እስከ ዛሬ አስከሬናቸው አልተገኘም። አገሩ ያኔ 220,000 ሰው እንኳ የማይኖርበት ነውና ወሬው ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሁለተኛው ሰው ከመጥፋቱ በፊት ስልክ ተደውሎለት ነበር የወጣው። ፖሊስ በምስክሮች ቃል ተመርቶ የደዋዩ ነው ያለውን ፊት በሸክላ ጭቃ አሠራ። የጭቃው ራስ በቴሌቪዥን ታየ። ሰዉም ጎረቤቱን ከጭቃው ጋር ማስተያየት ጀመረ።

በመጨረሻ ስድስት ወጣቶች ተያዙ። ለብቻቸው ታስረው ቀን ከሌሊት ተመረመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ከ600 ቀን በላይ ብቻውን ታስሯል። አመኑ። ቃላቸው እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ ሬሳውን የቀበርንበት ብለው ያሳዩት ቦታ ሁሉ ባዶ ነበር። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ፍርዳቸውን አጸና። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በኋላ ያጠኑት ነገር አለ፤ ሰው በቂ ጊዜ ለብቻው ከተዘጋበት የገዛ ትዝታውን መጠራጠር ይጀምራል። በ2018 ያው ፍርድ ቤት አምስቱን ከግድያው ነጻ አደረጋቸው። ሁለቱ ሞተው ነበር። በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቀችው ጠቅላይ ሚኒስትር ካትሪን ናት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ስለጠፋች ልጅ ልቦለድ ያሳተመችው።

እንግዲህ ትንሽ ማኅበረሰብ ሁለት ነገር ያደርጋል ማለት ነው። የሚያውቀውን ይደብቃል። መደበቅ ሲያቅተው ደግሞ ቶሎ አጥፊ ይፈልጋል፤ ጥርጣሬ ከሁሉም ላይ ተነስቶ አንድ ሰው ላይ እንዲያርፍለት። ልቦለዶቹ የመጀመሪያውን ያውቁታል። ሁለተኛውን የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው።

ለምን ቢባል ገበያ አለ። ኖርዌይ ውስጥ የፋሲካ ዕረፍት ማለት የወንጀል ልቦለድ ማለት ነው። የጀመረው በ1923 የአንድ የወንጀል ልቦለድ ማስታወቂያ የቤርገን ባቡር በሌሊት ተዘረፈ የሚል የጋዜጣ ዜና መስሎ በወጣ ጊዜ ነው፤ ዛሬ በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አጫጭር የግድያ ታሪክ ይታተማል። ኢስታድና ፊየልባካ ቱሪስት እየዞረ የልቦለድ ሬሳ የተገኘበትን ቦታ ያያል። ክፋት የለውም። ግን እንዲህ ሲሆን መንደሩ መጽናኛ ይሆናል። ገዳዩ ይያዛል፣ ሰዉ ወደ ሻይ ቡናው ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የዘርፉ መጽሐፍ ዛሬ እዚህ ነው ያለው።

እውነተኛው ስዊድን ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በ2022 ብቻ ከ60 በላይ ሰው በጥይት ተገድሏል፤ አብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ዳርቻ፣ በወንበዴ ቡድኖች ጠብ። አንዳንዶቹ ተኳሾች ገና ልጆች ናቸው። ፖሊስ ለእንዲህ ዓይነቱ ግድያ ፍርድ ቤት የሚያቆመው ሰው ከሌላው ግድያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ፖሊሱም ፖለቲከኛውም የሚሰጠው አንድ መልስ አለ፤ «የዝምታ ባህል»። ሰዉ ያያል፣ አይናገርም። አነጋገሩ ላይ ደግሞ ይህ ዝምታ ከስደተኛው ጋር በሻንጣ የገባ ዕቃ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው የሚገርመኝ። ስዊድን 30 ዓመት ሙሉ ስለ ገዛ መንደሮቿ ዝምታ ስትጽፍ ኖራለች። ኦሳ ላርሾን የመጀመሪያ ልቦለዷን ስትጽፍ ኪሩና ውስጥ ሰባኪ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገድሎ ምእመኑ እንዴት አፉን እንደሚዘጋ ነው ያሳየችው። የትኛውም ስደተኛ አላስተማራቸውም። ሪንከቢና ቴንስታ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው የስቶክሆልም ሰፈሮች፣ በዚህ በኩል ከፊየልባካ ያን ያህል አይርቁም። እናቶች ይተዋወቃሉ። ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ውለው ይመጣሉ። የሟችና የተጠርጣሪ ቤተሰብ ልቅሶ ላይ ይገናኛል። በርግጥ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ኤልቬስታድ ላይ የተናገረች ልጅ ጓደኛ ታጣለች፣ እዚህ ነፍስ ሊጠፋ ይችላል።

መንግሥት ለዚህ መላ ብሎ ያመጣው ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ከፈቀደ በከባድ ወንጀል ምስክር ስሙ ሳይገለጽ ቃሉን ይሰጣል። ብዙ የሕግ ባለሙያዎች የተከሳሹ ነገር አሳስቧቸዋል፤ ማንነቱን የማያውቁትን ምስክር እንዴት መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃሉ? ትክክለኛ ሥጋት ነው። ልቦለዶቹን ያነበበ ሰው ግን ሌላም ጥያቄ ይመጣበታል። በዚያ ሰዓት በዚያ ሜዳ በብስክሌት የምታልፍ ልጅ ማን እንደሆነች ኤልቬስታድ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቃሉ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። ዳኛው ስም ቢደብቅም፣ ከሦስተኛው ፎቅ ከግራ በኩል ካለው ጓዳ መስኮት ብቻ ሊታይ የሚችል ነገር ችሎት ላይ ከተነገረ፣ የሕንፃው ሰው በዚያው ምሽት ቆጥሮ ይደርስበታል።